ከቆጣሪው ወዲህ

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሌሊት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ አንድ ቀን ብቻ። ቤታችን ኮተቤ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ደካማ ነው። ውሃው በራሱ ጉልበት የሚደርሰው መሬት ላይ እስካለችው ትንሿ ታንከር ነው፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ወደተቀመጠው ሮቶ በፓምፕ መገፋት አለበት። ትንሿ የምትይዘው 500 ሊትር ነው። ሞልታ ወዲያው ካልተገለበጠች ውሃው እንደመጣ ይሄዳል። ፓምፑን አብርቶ መተኛትም አይሆንም፤ ባዶውን ከሠራ ይቃጠላል። ስለዚህ ሰው መነሳት አለበት።

ያ ሰው ለዓመታት እናቴ ነበረች። ጋቢዋን ደርባ ትወጣለች። ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ታስጠጋለች። መጀመሪያ አየር ብቻ ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ እንደ ሰው ያስላል፣ ከዚያ ውሃው ይመጣል። ያንን የቧንቧ ሳል እኔም በእንቅልፌ አውቀዋለሁ።

ስማርት ሆም ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት በድምፅ የሚታዘዝ ባለ ቀለም አምፖል፣ በስልክ የሚከፈት መጋረጃ፣ ቦሌ ያለ አዲስ አፓርታማ ነው። አልፈርድም፤ የሚሸጠውም የሚታየውም እሱ ነው። እኔ ግን የቤት አውቶሜሽን ውስጥ የገባሁት እናቴ እንድትተኛ ነው። ከገባሁ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከውሃ ወደ መብራት፣ ከመብራት ወደ ቆጣሪ፣ ከቆጣሪ ወደ አዋጅ ወሰደኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ መንገድ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የሠራሁት ነገር ውስብስብ አይደለም። ኢኤስፒ32 የምትባል ሰሌዳ አለች። የክብሪት ቀፎ ታህላለች፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ አላት፣ ቺፑን የሚሠራው ሻንጋይ ያለው ኤስፕሬሲፍ የተባለ ኩባንያ ነው። አንዷን ታችኛዋ ታንከር ላይ፣ ሌላዋን ሮቶው ላይ አሰርኳቸው። እያንዳንዳቸው ውሃ የማያስገባ የአልትራሳውንድ ሴንሰር ይዘዋል። ሴንሰሩ ወደ ውሃው ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል፣ ከዚያ ውሃው የት ላይ እንዳለ ይታወቃል። ታችኛዋ ከግማሽ በላይ ከሆነችና ሮቶው ካልሞላ ፓምፑ ይነሳል፣ ታችኛዋ ስትጎድል ይቆማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑ ሁልጊዜ ጠፍቶ ነው የሚጀምረው፤ ሁለቱም ሴንሰሮች ደህና ነን እስኪሉ አይነሳም። ይሄን ሁሉ የሚያስተባብረው ቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ገና አልሞተም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። ሆም አሲስታንት የሚባለው ሶፍትዌር ተጭኖበታል፤ በ2006 ፓውሉስ ስኮውትሰን የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው በነፃ የሚያዋጣለት ክፍት ሶፍትዌር ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት እናቴ እንደ ልማዷ ተነሳች። እኔም ተከትያት ወጣሁ። በሩ ላይ ቆመን ሳለ ፓምፑ በራሱ ተነሳ። ደነገጠች።

"ማነው ያበራው?"

"ማንም። ራሱ ነው፣ እማዬ።"

"ሲሞላስ?"

"ራሱ ያጠፋዋል።"

አላመነችም። ወንበር አውጥታ እስኪሞላ ድረስ ተቀመጠች፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። ፓምፑ ሲቆም ተነስታ ሮቶውን በእጇ አንኳኳችው፣ ድምፁን ሰማች፣ ገብታ ተኛች። ለሁለት ሳምንት ያህል ግን በየተራዋ ሌሊት እየተነሳች ታይ ነበር። እኔም ተኚ አላልኳትም፤ አንድን ነገር የምናምነው ደጋግመን ካየነው በኋላ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ሶፍትዌሩ 2፡40 ሲል እናቴ 8፡40 ትላለች። ወሩንም መጋቢት እንጂ ማርች አትለውም። ስለዚህ ሰዓቱንም ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። ያኔ ለእሷ ብዬ ነው የሠራሁት፤ በኋላ ለሌላ ነገር እንደሚያስፈልገኝ አላወቅኩም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን 2012 ነበር።

ያኔ የነበረኝ ተገዝቶ የመጣ በዋይፋይ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የማን እንደሆነ መጥቀስ አልፈልግም፣ ሁሉም ያኔ እንደዚያ ነበሩ። ስልክ ላይ አፕ ትጭናለህ፣ ሰዓት ትሞላለህ፣ ማብሪያው በሰዓቱ ፓምፑን ያስነሳል። ያን ጊዜ ውሃችን የሚመጣበት ሰዓት ስለሚታወቅ በቂ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተዘጋ። ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ቆየ። በዚያ ሐዘንና ጭንቀት ውስጥ ስለ ፓምፕ ማውራት ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ሕይወት እንደዚያ ነው፣ ውሃ ያስፈልጋል። ፓምፑ በሰዓቱ አልተነሳም። እኔ የሞላሁት ሰዓት የተቀመጠው እኔ ቤት አልነበረም። ሌላ ሀገር ያለ ሰርቨር ላይ ነበር። ማብሪያው በየቀኑ "አሁን ልነሳ?" እያለ ባሕር ተሻግሮ ሲጠይቅ ኖሮ፣ መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ዝም አለ። ውሃው መጣ፣ ታችኛዋን ሞላ፣ ሄደ። ጠዋት እናቴ ሮቶውን አንኳኳች። ባዶ ነበር።

በፓምፑና በፓምፑ ማብሪያ መካከል ያለው ርቀት አራት ሜትር ነው። ያቺን አራት ሜትር ለመሻገር ሌላ አህጉር ያለ ኮምፒውተር ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ይሄን ሳስበው ዛሬም ይከነክነኛል።

ማብሪያውን ፈትቼ ውስጡን አየሁት። ኢኤስፒ8266 ነው፤ የዛሬዋ ሰሌዳ ታላቅ። አራት ሽቦ በየድኩባት፣ ታስሞታ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ጫንኩባት፣ ከዚያ ቀን በኋላ የምትሰማው ቤት ውስጥ ያለውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም። ይህ ከሆነ ወዲህ ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ነገር አይገባም። ኢንተርኔት ሲኖር ቴሌግራም ላይ "ሮቶው ሞልቷል" የሚል መልእክት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል፤ መልእክቱ ባይደርስ ግን ውሃው መሙላት አለበት።

ይሄ የእኛ ሀገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 2014 የስማርት ሆም ዕቃ የሚሸጥ ኢንስቴዎን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሰርቨሮቹን አጠፋ። ሰዎች ለዓመታት ገንዘብ አፍስሰው ያሟሉት ቤት በአንድ ቀን አልታዘዝ አለ። እዚያ ያጠፋው የኩባንያ ኪሳራ ነው፣ እዚህ የመንግሥት ውሳኔ፣ ነገ ደግሞ የተቆረጠ ኬብል ሊሆን ይችላል። ለሮቶው ልዩነት የለውም።

ታዲያ መንግሥት ምን አገባው? ብዙ የቴክኖሎጂ ወዳጆቼ መንግሥት ከቤታችን ይውጣልን ባዮች ናቸው። ስሜታቸው ይገባኛል፤ 2012ን አብረን አይተናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ዕቃው ወደ ሀገር የሚገባው በመንግሥት በር ነው። የኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ሬዲዮ ያለበት ዕቃ ሁሉ ደረጃውን ማሟላቱን የማረጋገጥ ሥልጣን አለው። በሩ ካለ፣ በበሩ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛው ይሁን ነው የምለው። ዛሬ የሚጠየቀው በየትኛው ሞገድ ነው የሚሠራው፣ ምን ያህል ኃይል አለው የሚለው ነው። አስፈላጊ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ይጨመር፤ ኢንተርኔት ሲዘጋ ይሠራል ወይ? የማይሠራ ከሆነ አይግባ አልልም። ካርቶኑ ላይ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን "ያለ ኢንተርኔት አይሠራም" ተብሎ ይጻፍና ገዢው አውቆ ይግዛ።

ሌሎች ሀገሮች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ሚራይ በተባለ ቫይረስ የተያዙ ካሜራዎችና ራውተሮች የድረ ገጾችን አድራሻ የሚመራ ዳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ ተረባርበው ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አሽመድምደዋል። ቫይረሱ የገባው ከፋብሪካ ሲወጡ በተሰጣቸው፣ ማንም ባልቀየረው የይለፍ ቃል ነበር። እንግሊዝ ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ለሁሉም አንድ የሆነ የይለፍ ቃል በሕግ ከልክላለች፤ አምራቹም ዕቃው እስከ መቼ የደኅንነት ማሻሻያ እንደሚያገኝ ለገዢው የመናገር ግዴታ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከዚህም የሰፋ ነው፤ ዋና ግዴታዎቹ የሚጀምሩት በታኅሣሥ 2020 ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እዚያ በሩ ሲጠብ እዚያ መሸጥ ያቃተው ዕቃ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ጥያቄ ወደማይጠየቅበት ገበያ ነዋ። መርካቶ ውስጥ ዛሬ በርካሽ የሚሸጡ ካሜራዎችን የመኝታ ክፍላቸው በር ላይ የሰቀሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ወደ ቆጣሪው ልመለስ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አራት ቤተሰብ ነው የሚኖረው። ዋናው ቤት እኔና እናቴ ነን። ከኋላ ሦስት ክፍል አለ። በአንዱ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ከልጇ ጋር፣ በሌላው ፍሪጅ ያላቸው ባልና ሚስት፣ በሦስተኛው የጥበቃ ሥራ የሚሠራ ልጅ። ቆጣሪው አንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ የተለመደ አኗኗር ነው፣ የማያውቀው የለም። በየወሩ መጨረሻ የሚመጣውን ጭቅጭቅም የማያውቀው የለም። እኛ ግቢ ስምምነቱ እንዲህ ነበር። የመብራቱን ግማሽ ጋጋሪዋ ትከፍላለች፣ ምጣድ አለባት። የቀረውን ግማሽ ሦስታችን እኩል። ጋጋሪዋ በየወሩ "በዛብኝ" ትላለች፤ እናቴ ደግሞ "ምጣዱ ነው እንጂ እኔ ምን አለኝ" ትላለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ፒዜም የምትባል ትንሽ መለኪያ አለች። ሽቦው በመሃሏ ያልፋል፤ ቮልቱን፣ አምፔሩን፣ ዋቱን፣ የተጠራቀመውን ኪሎዋት ሰዓት ትቆጥራለች። አራት ገዛሁ። ለእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ፣ ለራሳችንም ጭምር አስገባሁ። ለሁሉም አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ ምን እንደምትለካ፣ ምን እንደማትሰማና እንደማታይ አሳየኋቸው። ከዚያ አንድ ወር ጠበቅን።

ጋጋሪዋ 190 ኪሎዋት ሰዓት። ባልና ሚስቱ 48። የጥበቃው ልጅ 9። ዋናው ቤት 215።

ወረቀቱን ይዤ ረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ። ሁላችንም ምጣዱን ስንከስ የከረምን ሰዎች ነን። ምጣድ ደግሞ በእርግጥ ብዙ ይስባል፣ የእሷ ሲበራ 3.5 ኪሎዋት ነው የሚያሳየው። ግን ትጋግራለች፣ ትጨርሳለች፣ ታጠፋለች። የእኛ የሻወር ማሞቂያ ደግሞ ቀንም ሌሊትም በርቶ ነው የሚውል የሚያድረው፤ ማንም የማይታጠብበት ሰዓት ላይ ሳይቀር ውሃውን ሲያሞቅ፣ ሲያቀዘቅዝ፣ ደግሞ ሲያሞቅ። እኛ 215 ተጠቅመን የከፈልነው የ77ቱን ነው። የጥበቃው ልጅ 9 ተጠቅሞ እኩል የ77ቱን ይከፍል ነበር። አንድ አምፖልና ስልክ፣ ማታ ማታ ትንሽ ቴሌቪዥን። ለሁለት ዓመት።

ለእናቴ ወረቀቱን አሳየኋት። ደጋግማ አየችው። "የልጁን መልስለት" አለች። ስንት እንደሆነ ማስላት ስላልተቻለ የሦስት ወር ኪራይ ተቀነሰለት። ማሞቂያው አሁን ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ለአርባ ደቂቃ ብቻ ይበራል፣ ራሱ ነው የሚያበራውም የሚያጠፋውም። በሚቀጥለው ወር ዋናው ቤት ወደ 120 ወረደ።

የመንግሥት ፖሊሲ ላይ ያለኝ ትልቁ ጥያቄ የተነሳው ከዚያች ወረቀት ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ በአራት ዓመት ውስጥ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ጭማሪውን በራሱ አልቃወምም። መስመሩ ያረጀ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ዶላር ይፈልጋል፣ ከወጪ በታች እየሸጡ መስመር ማደስ አይቻልም። አነስተኛ ተጠቃሚውን ለመጠበቅም ታስቧል፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛው እርከን ላይ ነው፣ አጠቃቀሙ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ድሃው በትንሹ ይክፈል፣ ብዙ የሚጠቀመው ይደጉመው ነው ነገሩ።

ግን ታሪፉ የሚያየው ቆጣሪውን ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ሰው አያይም። የጥበቃው ልጅ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው ነው፣ ድጎማው የታሰበው ለእሱ ዓይነቱ ነው። ለሥርዓቱ ግን እሱ የለም። ያለው በወር 462 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ደንበኛ ነው፤ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ከፍተኛ እርከን ውስጥ ይገባል። የልጁም 9 በዚያ ዋጋ ይሰላል። በተቃራኒው ብቻውን የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው ደህና ደሞዝተኛ ዝቅተኛው እርከን ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ጋና ውስጥም በአንድ ግቢ በሚኖሩ ቤተሰቦች ላይ ይሄው ችግር ሲነገር ቆይቷል። አዲስ ነገር አይደለም፣ መፍትሔም የማይገኝለት አይደለም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን እርከኑን በቆጣሪ ብቻ ከሚያሰላ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ስንት ቤተሰብ እንዳለ በቀበሌ መታወቂያ ተረጋግጦ በዚያ ቁጥር እንዲባዛ ቢያደርግ፣ የእኛ ግቢ አራት ጊዜ 50 ያገኛል። ከዚያ በኋላ ልጁ የራሱን ድርሻ እንዲያገኝ መለኪያው ያስፈልጋል። መለኪያው አለ። ርካሽ ነው። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ነው ያሰርኩት።

ሌላው ጥያቄዬ ራሱ ቆጣሪው ነው። ካርድ ስንሞላ የሚያሳየን የቀረውን ሂሳብ ነው። አሁን ስንት ዋት እየሄደ እንደሆነ፣ ትናንት ማታ ስንት እንደተጠቀምን ለኮምፒውተሬ የሚነግርበት መንገድ የለውም። በኔዘርላንድ ቆጣሪ ላይ ፒ1 የምትባል ቀዳዳ አለች። የድሮ የቤት ስልክ ገመድ የሚሰካባትን ትመስላለች። ባለቤቱ አንድ ገመድ ይሰካና ቆጣሪው የሚያውቀውን ሁሉ ያነባል፣ አዲሶቹ በየሰከንዱ ነው የሚናገሩት። ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። የሚገርመው ደግሞ እዚያው ሀገር በ2001 ምክር ቤታቸው ቆጣሪው በግዴታ ይገባል የሚለውን ሕግ አልቀበልም ብሎ መለሰው። ምክንያቱ የግል ሕይወት ነው። የቆጣሪ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ መቼ እንደተነሳህ፣ መቼ ቤት ውስጥ እንደማትገኝ፣ እንግዳ እንዳለህ። እኔ ራሴ ከአራቱ መለኪያዎች ይሄን አይቻለሁ፤ የጥበቃው ልጅ የሌሊት ተረኛ መሆኑን ግራፉ ላይ ማንበብ እችላለሁ። ያንን ካየሁ በኋላ ግራፉ እንዳይታየኝ፣ የወሩ ድምር ብቻ እንዲቀመጥ አድርጌ ቀየርኩት።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ጥሩ እርምጃ ነው፣ በጣም የዘገየ ቢሆንም። ቀጣዩ የቆጣሪ ጨረታ ሲወጣ ሰነዱ ላይ ሁለት መስመር ቢጨመር ምኞቴ ነው። ቆጣሪው ለባለቤቱ የሚናገርበት ቀዳዳ ይኑረው። ለሌላ ለማንም የሚናገረው ደግሞ ለሂሳብ የሚያስፈልገውን ድምር ብቻ ይሁን። አሁን ካልተጨመረ፣ ቆጣሪው ከተሰቀለ በኋላ ለሃያ ዓመት አይነካም።

ይሄ አሁን የሚያስቸኩለው መኪናው ስለመጣ ነው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። የተለመደ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ማለት ነው፣ ያውም ለሰዓታት። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ራት ሲሠራ እሱም ከሥራ ገብቶ ይሰካል። የእኛ ቮልት ያን ሰዓት 220 መሆን ሲገባው 175 ሲደርስ አይቻለሁ፤ አምፖሉ ይደክማል፣ ፍሪጁ ያቃስታል። ኃይል አለ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው። እናቴ ከጡረታዋ ቀንሳ ቦንድ ገዝታበታለች፣ ወረቀቱ ሳጥኗ ውስጥ ነው። ግን ከግድቡ እስከ ሰፈራችን ትራንስፎርመር ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ በተለይ ማታ ከ12 እስከ 3።

ጎረቤቴ ቻርጀሩን ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አፕ ሳይኖር፣ ሰርቨር ሳይኖር። ሄጄ ላደርግለት ብዬዋለሁ። ግን "ለምን?" አለኝ፤ እውነቱን ነው። ዋጋው ማታም ሌሊትም አንድ ነው። ሌሊት ለሚሰካ ሰው ታሪፉ ቅናሽ ቢያደርግ እኔ ማንንም ማግባባት አይጠበቅብኝም።

ጀርመኖች ይሄን በሕግ አስቀምጠውታል። ከታኅሣሥ 2016 ወዲህ አዲስ የሚገቡ የመኪና ቻርጀሮችና ትልልቅ የማሞቂያ ፓምፖች መስመሩ ሲጨናነቅ የመስመሩ ባለቤት ሊቀንሳቸው ይችላል። ግን ከ4.2 ኪሎዋት በታች ማውረድ አይችልም፤ ደንበኛውም በምላሹ በመስመር ክፍያው ላይ ቅናሽ ያገኛል። መንግሥት ቤት ውስጥ እጁን ሲያስገባ እስከ የት እንደሚያስገባ አስቀድሞ ተጽፏል ማለት ነው። በነሐሴ 2014 ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ በበረታበት ቀን 22,000 ደንበኞች የቤታቸውን የሙቀት መቆጣጠሪያ መንካት አቃታቸው፤ ለቅናሽ ብለው በገቡበት ፕሮግራም ድርጅቱ ቆልፎባቸዋል። ፈርመዋል፣ ግን አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። እኛ ከሁለቱ የትኛውን እንደምንከተል ዛሬ ነው የሚወሰነው፤ ቻርጀሮቹ ጥቂት ሳሉ።

ስለ ቀረጥ በአጭሩ። ለኤሌክትሪክ መኪና መንግሥት ቀረጡን አቅልሏል፣ ተበታትኖ ለሚገጣጠመው እስከ ዜሮ። ትክክል ነው። ያንን መኪና ሌሊት የሚያስሞላው፣ ፓምፑን የሚያቆመው፣ የልጁን 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚቆጥረው ሰሌዳ ግን እንደ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ነው የሚታየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ የሰሌዳዎቹም ዋጋ አብሮ ሄደ። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ጥግ ላይ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ የሚያመጣልንን ነው። እንዲህ ሆኖም ግን ስንት ልጅ ስንት ነገር እየሠራ ነው! የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ከዚች ሰሌዳ የዶሮ መፈልፈያ ሲሠሩ አይቻለሁ። ለመማሪያና ለመገጣጠሚያ የሚገባ ቁራጭ እንደ ግብዓት ቢታይ ከዲጂታል ኢትዮጵያ ስትራቴጂ ጋር በደንብ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ጋጋሪዋ መጣች። በእጇ የወሩን ወረቀት ይዛለች፣ እኔ በየወሩ አትሜ በየበሩ የማስቀምጠውን።

"ወንድሜ፣ ጳጉሜን የት ነው ያለችው?"

ኪራይ ለጳጉሜን አይከፈልም፣ መብራቱ ግን ይቆጥራል። ለዚያ ነው የጠየቀችው። እኔ አምስቱን ቀን ነሐሴ ውስጥ ደምሬው ነበር።

"ለብቻዋ አድርጋት" አለችኝ። "ለበዓሉ እንጀራ በጣም የጋገርኩት ያን ሰሞን ነው። ስንት እንደወጣብኝ ካወቅኩ ለዘንድሮው ዋጋ አወጣበታለሁ።"

ማታ ኮዱን ከፍቼ አሥራ ሦስተኛ ወር ጨመርኩበት። የእሷ ጳጉሜን 61 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ጠዋት አትሜ ሰጠኋት፣ ብዕር ይዛ ምጣዱ አጠገብ ተቀመጠች።